ሰዓቱ 168፣ በጣት ሲቆጠር 134፦ የቆዳ ቀለም ነው ወይስ ሌላ?

ሯጯ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስማርት ሰዓቴ በዝግታ ሩጫ ላይ የልብ ምቴን 165–170 ያሳያል። ቆም ብዬ ወዲያው አንገቴ ላይ ለ15 ሰከንድ ቆጥሬ በ4 ሳባዛው ግን 134 አካባቢ ነው። ቁጭ ብዬ ስለካ ሁለቱ ይገጥማሉ። ቆዳዬ ጠቆር ያለ ነው፤ በብርሃን የሚለኩ ሴንሰሮች ለጥቁር ቆዳ አይሆኑም ሲባል እሰማለሁ። ጉዳዩ ይሄ ነው? ከሆነስ የኦክሲጅኑና የካሎሪው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

ሴንሰር ፈታሽ፦
ቆዳሽን ከመክሰስ በፊት እግርሽን እጠረጥራለሁ። በዝግታ ሩጫ ብዙ ሰው በደቂቃ ከ160 እስከ 170 ጊዜ ይረግጣል፤ ሰዓትሽ የሚሰጥሽም ያንኑ ቁጥር ነው። ሰዓቱ 530 ናኖሜትር አካባቢ ያለ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልክና የደም ሥሮቹ በሞሉና በጎደሉ ቁጥር የሚመለሰውን ብርሃን መዋዠቅ ይቆጥራል። ክንድ ሲወዛወዝም ሰዓቱ ይንሸራተታል፣ ብርሃኑም ይዋዥቃል። ይሄኛው መዋዠቅ ከልብ ምቱ መዋዠቅ ከበረታ ሶፍትዌሩ እርምጃን የልብ ምት ነው ብሎ ይይዛል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። አፑ ላይ የልብ ምቱን መስመርና የእርምጃውን መስመር ደራርበሽ ተመልከቺ። ከዚያ ፍጥነትሽን ሳትለውጪ ለ2 ደቂቃ እርምጃሽን አሳጥረሽ ቶሎ ቶሎ ርገጪ፤ የልብ ምቱ ቁጥር አብሮ ከወጣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሰዓቱን ከእጅ አንጓ አጥንት 2 ጣት ያህል ወደ ላይ አድርጊው፤ ለሩጫ አንድ ቀዳዳ አጥብቂ፣ ስታበቂ መልሰሽ አላልዪ። ከሥሩ ንቅሳት ካለ እጅ ቀይሪ፣ ቀለሙ ብርሃኑን ይውጠዋል። እጅ ቀዝቃዛ ከሆነ ወደ ቆዳው የሚደርሰው ደም ስለሚያንስ 10 ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቅ ይረዳል። ይህ ሁሉ ካልሠራ የደረት ቀበቶ ግዢ። እሱ የልብን ኤሌክትሪክ ስለሚለካ የቆዳ ቀለም አይገባበትም፤ ኤሌክትሮዶቹን (ቆዳ የሚነኩትን ክፍሎች) በውኃ ማርጠብ ብቻ አትርሺ፣ ደረቅ ከሆኑ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቁጥር ዝብርቅርቅ ነው።

የጤና ባለሙያ፦
ስለ እርምጃው እስማማለሁ። ግን ቆዳን ጨርሰን ነፃ አናውጣ። ሜላኒን (ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር) አረንጓዴ ብርሃንን በርከት አድርጎ ስለሚውጥ የሚመለሰው ምልክት ይደክማል፤ ደካማ ምልክት ደግሞ በእንቅስቃሴ ቶሎ ይሸነፋል። ሆኖም በ2020 ዱክ ዩኒቨርሲቲ 53 ሰዎች ላይ ባደረገው ጥናት የልብ ምት ስህተት በቆዳ ቀለም ጉልህ ልዩነት አላሳየም፤ በእንቅስቃሴ ጊዜ ግን ስህተቱ ከእረፍት ጊዜው በአማካይ 30% ይበልጥ ነበር።

ኦክሲጅን ላይ ነገሩ ይለወጣል። የሚለካው በቀይ (660 ናኖሜትር) እና በኢንፍራሬድ (940 አካባቢ) ብርሃን ንጽጽር ሲሆን፣ ንጽጽሩን ወደ ፐርሰንት የሚቀይረው ሰንጠረዥ የተሠራው ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ልኬት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 መመሪያው ከተለኪዎቹ ቢያንስ 2 ሰው ወይም 15% ጥቁር ቆዳ ያላቸው እንዲሆኑ ነበር የሚጠይቀው። ከ10 ሰው 2 ማለት ነው! ውጤቱ በ2020 ሚሺጋን ላይ በወጣው የሆስፒታል ጥናት ታየ፦ መሣሪያው 92–96% እያለ ከደም ወሳጅ ሥር የተቀዳው ደም ምርመራ ከ88% በታች የሆነባቸው ልኬቶች በጥቁር ታካሚዎች 11.7%፣ በነጮች 3.6% ነበሩ። ይህ እንግዲህ በጣት ላይ በሚሰካው የሕክምና መሣሪያ ነው፤ የእጅ ሰዓት ብርሃኑን አሳልፎ ሳይሆን አስመልሶ ስለሚለካ ሥራው የባሰ ከባድ ነው።

ስለዚህ ነጠላ ቁጥር አትመኚ። 5 ደቂቃ ተቀምጠሽ፣ እጅሽን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈሽ፣ ሦስት ጊዜ ለክተሽ የራስሽን የተለመደ ቁጥር ያዢ፤ ከዚያ 3 ወይም 4 ነጥብ ወርዶ ከቆየ ነው ትርጉም ያለው። ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ሰዓቱ 97 ቢልም ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በጥቁር ቆዳ ላይ የኦክሲጅን እጥረት የሚያመጣው ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ መለወጥ የሚታየው ምላስና ድድ ላይ ነው፣ ከንፈር ላይ ብቻ አትፈልጊው።

መረጃ ቆጣሪ፦
ካሎሪውን እርሺው። ስታንፎርድ በ2017 ሰባት መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሲፈትሽ ስድስቱ የልብ ምትን በ5% ስህተት ውስጥ ለክተዋል፤ በካሎሪ ግን ምርጡ እንኳ በአማካይ 27% ስቷል፣ የመጨረሻው 93%።

ሁለት ነገር ልጨምር። የ15 ሰከንድ ቆጠራ አንድ ምት ከሳተ በደቂቃ 4 ይስታል፤ ልብም ከቆምሽ ጀምሮ ይወርዳል። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከ134 ከፍ ሊል ይችላል፣ 168 ግን አይደርስም። ሁለተኛ፣ ቀበቶ ካገኘሽ ሁለቱን አብረሽ ለ20 ደቂቃ ያዢ፦ 5 እረፍት፣ 5 እርምጃ፣ 5 ሩጫ፣ 5 ማገገሚያ። በየ30 ሰከንዱ ሁለቱን ቁጥር ጻፊ፣ 40 ጥንድ ይወጣል። ልዩነቱን አንዴ ከነምልክቱ (+ ወይም −)፣ አንዴ ያለ ምልክት አማክዪ። ከነምልክቱ ያለው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሰዓቱ ቋሚ ዝንፈት አለው፤ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ያለ ምልክቱ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ የሚያነበው ብርሃን እየተቆራረጠ ነው፣ ማሰሪያውን መልሰሽ እዪ።

ሯጯ፦
መስመሮቹ ከ6ኛው ደቂቃ ጀምሮ ተደራርበዋል፣ እግሬ ነው። ያለፉትን ቁጥሮች ምን ላድርጋቸው?

ሴንሰር ፈታሽ፦
ሩጫዎቹን አታጥፊ። ሰዓቱ ከፍተኛውን የልብ ምት በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን አማራጭ ግን ዝጊና በእጅሽ አስገቢ፤ አለዚያ የሐሰቱን ቁጥር ይዞ የልምምድ ደረጃዎችሽን ሊያዛባ ይችላል።