ለአዳዲስ ሽማግሌዎች ማሠልጠኛ ምን ትጠቁሙናላችሁ?

የእሑድ ከሰዓት ጸሐፊ
ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖች። አሜሪካ ውስጥ የምትገኝ የአንዲት ትንሽ አማርኛ ተናጋሪ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። የምናመልከው በፕሬስቢቴሪያኖች ሕንጻ ነው፤ ባለቤቶቹ ጠዋት አምልከው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሲወጡ እኛ ከነድስታችን እንገባለን። ዘንድሮ እንግድነቱ ይብቃን ብለን የፕሬስቢቴሪው፣ ማለትም የአካባቢው ፕሬስቢቴሪያን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ፣ አባል ሆንን፤ ባለፈው ወርም ስድስት ሽማግሌዎች መረጥን። የቤተ እምነቱ የሥርዓት መጽሐፍ ግን የተመረጡት ከመሾማቸው በፊት የጥናት ጊዜ ይሰጣቸው፣ ከዚያም ስለ እምነታቸውና ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ አስተዳደር ይፈተኑ ይላል። ያለን ሁለት ወር ነው። ገንዘብ የለንም ማለት ይቀላል። ከስድስቱ ሦስቱ ደግሞ እንግሊዝኛ ማንበብ ይከብዳቸዋል። እናንተ በምን አስተማራችሁ? ማን አስተማረላችሁ? ስንት አስወጣችሁ? እባካችሁ ራሳችሁ የሞከራችሁትን ብቻ ንገሩኝ፤ "ጥሩ ነው ሲባል ሰምቻለሁ" የሚለው ምክር ከበቂ በላይ ደርሶናል።

ማዶ ሰፈር
መጀመሪያ የትኛው ፕሬስቢቴሪያን እንደሆናችሁ ይታወቅ። ፒሲዩኤስኤ (ፕሬስቢቴሪያን ቸርች ዩኤስኤ) ነው ወይስ ፒሲኤ (ፕሬስቢቴሪያን ቸርች ኢን አሜሪካ)? ስማቸው የመንትያ ቢመስልም አንድ አይደሉም። ፒሲኤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተ ነው፤ ሴቶችን ለሽማግሌነት አይሾምም። የአንዱን ማሠልጠኛ ለሌላው አምጥታችሁ መካከል ላይ እንዳትደነግጡ። እኛ ደንግጠናል።

የእሑድ ከሰዓት ጸሐፊ
ፒሲዩኤስኤ ነን። ከስድስቱ ሁለቱ እኅቶች ናቸው።

ቃለ ጉባኤ ያዥ
እንግዲያው ከዋናው ጀምሩ። የሥርዓት መጽሐፉን ከቤተ እምነቱ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል፤ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በኮሪያኛ አለ። አራት ክፍል አለው፦ መሠረቶቹ፣ የአስተዳደር ሥርዓቱ፣ የአምልኮ መመሪያውና የሥነ ሥርዓት እርምጃው። አንድ ምክር ልስጥህ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው አትጀምሩ። እኛ "ከባዱን እናስቀድም" ብለን ከሥነ ሥርዓት እርምጃው ጀመርን። ስለ ክስ፣ ስለ ምርመራ ኮሚቴና ስለ ይግባኝ በአንድ ምሽት ስንተረጉምላቸው ሁለቱ ተመራጮች "እኛ ምን አጠፋን?" ብለው በማግሥቱ ሊለቁ ነበር። ከአስተዳደር ክፍሉ ስለ ሽማግሌዎችና ስለ አስተዳደር ጉባኤዎች የሚናገሩትን ሁለት ምዕራፎች ብቻ አማርኛ አድርጋችሁ ብታነብቡ ለሁለት ወር ይበቃችኋል።

የሰኞ ጥናት
ለእኛ የሠራልን የሚድ አሜሪካ ሲኖዶስ ያዘጋጀው ቲዮካደሚ የሚባል የቪዲዮ ትምህርት ነው። ለሽማግሌዎችና ለዲያቆናት የተዘጋጀ ነው፤ ክፍያ የለውም። እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ አንዷ እኅታችን እያቆመች ትተረጉማለች። አጭሩ ቪዲዮ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ እንዲያውም ጥሩው ነገር መቆሙ ነው። ቪዲዮው ሲቆም ሰው ይጠይቃል፣ ሳይቆም ማንም አይጠይቅም።

ሦስተኛው ረድፍ
ጥያቄውን ባይመለከትም ሌላ ጉባኤ እንዳይቃጠል ልናገር። ለልጆቻችን ስብከት ማስተርጎሚያ ብለን 30 የጆሮ ማዳመጫ ከነማሰራጫው ከኢንተርኔት ገዛን። ስም አልጠራም። ገንዘቡ እናቶች እንጀራና ድፎ ዳቦ ሸጠው ያጠራቀሙት ነው። የመጀመሪያው እሑድ በሰላም አለፈ። በሁለተኛው እሑድ ፓስተራችን ስለ ጠፋው ልጅ እየሰበኩ፣ አባቱ "አንገቱን አቀፈው" በሚለው ቦታ ላይ፣ ልጆቹ እየተያዩ ይስቃሉ። እናት ትቆነጥጣለች፣ ልጅ ይስቃል። ለካ ከመንገዱ ማዶ ያለችው የስፓኒሽ ቤተ ክርስቲያን የምታሰራጨው በዚያው ሞገድ ኖሯል! የእኔማ ልጅ ጭራሽ "አባዬ፣ የእነርሱ ፓስተር ቶሎ ይጨርሳል" አለኝ። ዕቃውን መልሱልን ስንል "ሳጥኑ ተከፍቷል" ተባልን። ሳጥን ሳይከፍት ዕቃ የሚሞክር ሰው ካለ ያስተምረኝ።

የዲያቆናት ሰብሳቢ
ስሙን ንገረን እንጂ! ልንገዛ ተስማምተን ሰኞ ልንከፍል ነው።

ሦስተኛው ረድፍ
ስም አልጠራም አልኩ። ጠበቃ የመቅጠር አቅም የለንም፤ እንጀራው አልቋል።

ወይራ ጥላ
የጆሮ ማዳመጫ እኮ ከሚታወቅ ሰው ነው የሚገዛው። እኛ 11 ዓመት ሙሉ ከአንድ ያገራችን ልጅ ሱቅ ነው የምንገዛው። ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብናል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌሊት በሚባል ሰዓት ራሱ መጥቶ ሠርቶልናል። እንደ እርሱ ያለ ባለ ሱቅ የለም።

ማዶ ሰፈር
ሁለት ጊዜ የተበላሸ ዕቃ እንዴት ነው የሚመሰገነው?

ወይራ ጥላ
ሰውየው ጥሩ ነው አልኩ እንጂ ዕቃው ጥሩ ነው አልኩ? እናቴ ስትሞት ድንኳን የተከለልን እርሱ ነው።

ድምፅ ተቆጣጣሪ
ሦስተኛው ረድፍ፣ ያጋጠማችሁ የተለመደ ነው፤ ዕቃው ላይበላሽም ይችላል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቻናል ላይ ሲያሰራጩ ተቀባዩ የሚይዘው የጠነከረውን ነው። ማሰራጫውንም ሁሉንም ተቀባዮችም ወደ ሌላ ቻናል ቀይሩ፤ ከማዶ ካሉት ወንድሞች ጋር ተነጋግራችሁ ቻናል ተከፋፈሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ72 እስከ 76 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ መካከል ለመስማት ማገዣ መሣሪያዎች የተመደቡ ክፍሎች ስላሉ በእነዚያ የሚሠራ ብትገዙ ይሻላል። ስለ ገመድ አልባ ማይክሮፎንም ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ሜጋኸርዝ የሚሠሩት ተከልክለዋል፤ ሞገዱ ለስልክ ኩባንያዎች ተሽጧል። ያገለገለ ማይክሮፎን በርካሽ ሲቀርብላችሁ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነብቡ ገንዘብ አታውጡ።

ሦስተኛው ረድፍ
ተባረክ ወንድሜ። መመሪያው በቻይንኛ ብቻ ስለሆነ የቻናል መቀየሪያው የት እንዳለ ገና እየፈለግን ነው።

የእሑድ ከሰዓት ጸሐፊ
ወገኖች፣ ጥያቄዬ ስለ ሽማግሌዎች ነበር።

ጋሽ መሪጌታ
ልጄ፣ በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራቸው፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

የሰኞ ጥናት
ጋሼ፣ ልጆቹ "ይሆንላችኋልና" ላይ ሲደርሱ ይሰናከላሉ። ለወጣቶቹ የ1993ቱ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ይቀላቸዋል።

ጋሽ መሪጌታ
ይሰናከሉ። እኔም ተሰናክዬ ነው የተማርኩት።

የሳዮ ልጅ
ሁላችሁም ፕሬስቢቴሪያንነትን ትናንት ዋናው መሥሪያ ቤት ካለበት ከኬንታኪ በፖስታ የተላከ ዕቃ አደረጋችሁት። እኛ ቤት የቆየ ነው። ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተነሥተው ሳዮ፣ ደምቢ ዶሎ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1919፣ የኅዳር በሽታ አገሩን ባራቆተበት ዘመን ነው፤ የላኳቸውም የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች ናቸው። ጣሊያን ሚስዮናውያኑን ሲያስወጣ ሥራውን የተሸከሙት ያገሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ነበሩ። ከዚያ ሥራ የተወለደችው ቤቴል እ.ኤ.አ. በ1947 ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። አያቴ ማንበብ የተማሩት ሽማግሌ ሆነው ከተመረጡ በኋላ ነው። እናንተ ዘንድ ከቤቴል አካባቢ የመጣ አባት ካለ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡትና "ሽማግሌ ምን ይሠራ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት። ከቪዲዮው ይበልጣል።

ተጠራጣሪው
መካነ ኢየሱስ ሉተራን አይደለችም እንዴ?

የሳዮ ልጅ
የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አባል ናት፤ ቤቴል ይዛ የመጣችው ግን የሽማግሌዎችን አስተዳደር ነው። ሁለቱም በአንድ ቤት ይኖራሉ።

ተጠራጣሪው
ስለዚህ ሉተራን ናት።

የሳዮ ልጅ
ቡና ላፍላልህና ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ በጽሑፍ አያልቅም።

አዲሷ ሽማግሌ
እኔ ባለፈው ዓመት የተሾምኩ ነኝ፣ ዕድሜዬ 22። ከሥልጠናው ሁሉ ያስቸገረን ቃሉ ነው። በስልክ ለአያቴ "ሽማግሌ ሆንኩ" ስላት "አንቺ ልጅ፣ መቼ ሸመገልሽ? ማንን ልታስታርቂ ነው?" አለች። ጉባኤው ውስጥም ሰው ሽማግሌ ሲባል የሚጠብቀው ነጭ ጋቢና ከዘራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ይህንን አንሡ፤ እዚህ ሽማግሌነት የተሰጠ አገልግሎት እንጂ የዕድሜ ማዕረግ እንዳልሆነ። እኅቶች ለሽማግሌነት መሾም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1930 እንደሆነ ሲነገራቸው ዘመን አመጣሽ ነገር ነው ይሉ የነበሩት ወንድሞች ትንሽ ዝም አሉ። ትንሽ ብቻ። ደግሞ ጸሐፊው ወንድሜ፣ የተመረጡትን ራሳቸውን ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠይቀሃቸዋል? እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።

እውነቱ ይነገር
የሥርዓት መጽሐፉ ሽማግሌ የሚመረጠው ቢበዛ ለሦስት ዓመት ነው፣ በተከታታይም ከስድስት ዓመት በላይ አያገልግል፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ዓመት ይረፍ ይላል። የእኛ ሰብሳቢ 17ኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ይህንን አንቀጽ ባነበብኩላቸው ቀን "ልታሳርፉኝ ነው?" ብለው ደረታቸውን ያዙ። እንግዲህ ማሠልጠኛ የምትጠቁሙ ሰዎች፣ መቀመጥ ሳይሆን መነሣት የሚያስተምር ቪዲዮ ካላችሁ ላኩልኝ። ዋጋው ችግር የለውም፣ ግማሹ ጉባኤ ያዋጣል።

ማዶ ሰፈር
አቶ እውነቱ፣ የዓመቱን ገደብ የሚያነሣ ፈቃድ ፕሬስቢቴሪው መስጠት ይችላል እኮ።

እውነቱ ይነገር
ይህን በእርሳቸው ፊት እንዳትናገር።

ቃለ ጉባኤ ያዥ
ወደ ጸሐፊው ልመለስ፤ እኔም በአንተ ቦታ ነበርኩ። ስለ ክፍያ ጠይቀህ ነበር። እኛ ለአስተማሪ ያወጣነው በጣም ጥቂት ነው። አዲስ አበባ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የተማረ አንድ ወንድም በዙም ለስድስት ቅዳሜ አስተማረልን፤ ለትራንስፖርትና ለኢንተርኔት የሚሆን ላክንለት። አማርኛው የሚጣፍጥ፣ የሽማግሌን ሥራ ከታች ጀምሮ የሚያውቅ ነው። ሰዓቱን ግን በጥንቃቄ ተነጋገሩ። እኛ "9 ሰዓት" አልነው፤ የእኛን ጠዋት ማለታችን ነው። እርሱ በአገር ቤት ቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ገብቶ ባዶ ስክሪን እያየ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀን፤ በበጋ እዚህ በምሥራቁ በኩል ጠዋት 9 ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ 10 ነው። ይቅርታ ጠይቀን በሁለተኛው ቅዳሜ በኢትዮጵያ ሰዓት ብቻ መነጋገር ጀመርን።

ሁለት ነገር ደግሞ በተግባር አስተምሯቸው፤ በንባብ አይገባም። አንደኛው የመባ ቆጠራ ነው። ሥርዓቱ ቢያንስ ሁለት የተመደቡ ሰዎች አብረው ይቁጠሩ ይላል፤ ባልና ሚስት አትመድቡ። ማንንም ስለማናምን አይደለም፤ ነገ ጥያቄ ቢነሣ ቆጣሪው ብቻውን እንዳይቆም ነው። ሌላው ሒሳቡ በየዓመቱ በሒሳብ አዋቂ ወይም ሒሳብ በሚያውቁ አባላት ኮሚቴ ይመርመር የሚለው ነው። አዲሶቹን ሽማግሌዎች ያለፈውን ዓመት ደብተር ሰጥታችሁ "እስቲ ሰኔ ላይ ለቀብር የወጣው ደረሰኝ የት አለ?" በሏቸው። በዚያች ምሽት ከሁሉም ትምህርት የበለጠ ተማሩ። አንዱ ደረሰኝ እኔ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ፤ እርሱንም ተማርን።

የዲያቆናት ሰብሳቢ
ስለ ጆሮ ማዳመጫው ውሳኔ ላይ አልደረስንም። ዘንድሮ ያገለገለ ብንገዛስ?

ድምፅ ተቆጣጣሪ
ቁጥሩን አንብብ አልኩ።

ጋሽ መሪጌታ
በእኛ ጊዜ የሃይማኖት ትምህርት በጥያቄና መልስ ነበር። የዌስትሚኒስተሩ አጭሩ 107 ጥያቄ አለው። "የሰው ዋና ዓላማው ምንድን ነው?" ብሎ ይጀምራል። በቀን ሁለት ቢይዙ በሁለት ወር ይጨርሱታል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ።

አዲሷ ሽማግሌ
ጋሼ፣ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሁለት ሥራ ነው የሚሠሩት። አንዱ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። እኔ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው በቃሌ የያዝኩት፤ እርሱንም መኪና ውስጥ።

ወይራ ጥላ
ለመዝሙር ጥራዝ ማሳተም ግን ያንኑ ልጅ ላስተዋውቃችሁ? ማተሚያም አስገብቷል።

ማዶ ሰፈር
ያተማቸው ገጾች ሲነቃቀሉ ሌሊት መጥቶ ይለጥፋል መሰለኝ።

ወይራ ጥላ
ይለጥፋል። ምን አለበት?

የእሑድ ከሰዓት ጸሐፊ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ፤ አንድም ሳልዘል አንብቤዋለሁ። ቅዳሜ ከስድስቱ ጋር ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ እኅታችን እንዳለችው እስካሁን ስላልጠየቅናቸው መጀመሪያ የምንጠይቃቸው እነርሱን ነው። አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅና ልጨርስ። ለጌታ እራት የምንጠቀምበት የጽዋ ትሪ የባለቤቶቹ ነው፤ ትናንት አንዱን ጥለን ክዳኑ ጎበጠ። አርባ ጽዋ የሚይዝ፣ ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም፣ የት ይገኛል?

ወይራ ጥላ
ቆይ ልደውልለት።