እኩል ነጥብ አምጥተን ዕድገቱ ለወንዱ ተሰጠ፤ የት ልክሰስ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለሒሳብ ክፍል ኃላፊነት ከአንድ ወንድ ባልደረባዬ ጋር ተወዳድረን እኩል ነጥብ አገኘን። ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ስለነበር በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ቦታው ግን ለእሱ ተሰጠ። ምክንያቱን ስጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ሆዴን አየት አድርጎ «አንቺማ ልትወልጂ ነው፤ ሰኔ ላይ ማን ሒሳብ ይዘጋልናል?» አለኝ። በጽሑፍ ብጠይቅ ደግሞ ጭጭ አሉ። ቃሉን የሰማች ባልደረባዬ እንጀራዋን ፈርታ ለመመስከር አልደፈረችም፤ አልፈርድባትም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 ሴት ለደረጃ ዕድገት ተወዳድራ ከወንድ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ እንደሚሰጣት ይደነግጋል። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። የጨነቀኝ አካሄዱ ነው። ከሥራ ሳልሰናበት፣ ስለ ዕድገት ብቻ በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት መክሰስ እችላለሁ? ወይስ ጉዳዩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ነው? የሠራተኛ ማኅበር የለንም። ዘመዶቼ «ወልደሽ ተነሺና ትከሺያለሽ» ይሉኛል፤ የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ነው፣ እስከዚያ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ቢያግደኝስ? ፎቶውስ ያለ ምስክር በቂ ማስረጃ ይሆናል? የሕግ ባለሙያዎች፣ እንዲህ ዓይነት ክርክር የገጠማችሁ እህቶችም፣ እባካችሁ መላ በሉኝ።