ሦስት ተራኪዎች ባሉት ልቦለድ ውስጥ ድምፆቹን እንዴት ልለይ?

ጠያቂ (ጀማሪዋ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለአሥራዎቹ ዕድሜ አንባቢዎች ተረት አዘል ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። አንዲት ልጃገረድ ወሎ ውስጥ ከሐይቅ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ትቀራለች፤ የመጥፋቷንም ነገር ታናሽ እህቷ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚማር ዲያቆን እና ማንነቱ የማይገለጽ ሦስተኛ ድምፅ በየተራ ይተርኩታል። ረቂቁን ያነበቡልኝ ሰዎች የምዕራፉን ርዕስ ካላዩ ተናጋሪውን መለየት ይቸግራቸዋል። ድምፃቸውን በምን ልለየው? ሦስተኛውስ ወንድ ይሁን ሴት ሳይታወቅ እስከ መጨረሻው ሊዘልቅ ይችላል?

አርታኢው፦
ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። «ሄድኩ»፣ «አየሁ» የሚለው የአንደኛ መደብ ግስ ጾታን ስለማያሳይ፣ ተራኪው ስለ ራሱ እስካወራ ድረስ ምስጢሩ ይጠበቃል። የሚያጋልጠው የሌሎች አፍ ነው፤ አንድ ሰው «ና» ወይም «ነይ» ብሎ ከጠራው ነገሩ አበቃ። በዕድሜ የገፋ ከሆነ ግን «ይምጡ» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ይሸሽገዋል።

ድምፅ ለመለየት የአካባቢ ቃላት ማብዛቱን አልወደውም፤ አንባቢን ያደክማል። ከዚያ ይልቅ ሁሉም የሚያውቋቸውን አንዲት አሮጊት እያንዳንዱ በምን እንደሚጠራቸው ይወስኑ፦ እህቲቱ «አያቴ»፣ ዲያቆኑ «እማሆይ»፣ ሦስተኛው ደግሞ ማንም በማያስታውሰው የልጅነት ስማቸው።

የሐይቅ ልጅ፦
እህታችን፣ ወደ ገዳሙ ሴት እንደማትገባ አይርሱ። እህቲቱ የውስጡን ነገር የምትሰማው ከዲያቆኑ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ቢዋሽ ወይም ቢደብቅ አንባቢውም አብሯት ይታለላል፤ እኔ ብሆን ልቦለዱን በሙሉ በዚህ ላይ እሠራው ነበር።

መምህርት፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እንግሊዛዊው ደራሲ ዊልኪ ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1860 በመጽሐፍ በወጣው «ነጭ የለበሰችው ሴት» በተባለው ልቦለዱ ተራኪዎቹን እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ያቆማቸዋል፤ እያንዳንዱ የሚናገረው ራሱ ያየውን ብቻ ነው። እርስዎም በየምዕራፉ ተራኪው የማያውቀውን በኅዳግ ቢጽፉ፣ ድምፁ ከቃላት ምርጫ በፊት ከዚያ ይወጣል። የተረቱን ለዛ በተመለከተ «ተረት ተረት»፣ «የላም በረት» የሚለውን መክፈቻ ለሦስተኛው ድምፅ ብቻ ይስጡት፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚለውን መዝጊያ ግን ማንነቱ እስኪገለጥ ይንፈጉት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሮጊቷን በልጅነት ስማቸው የሚጠራው ድምፅ ግን ራሱ ሕፃን ነው፤ እንቆቅልሹም እዚያ ላይ ነው። ሕፃንን ደግሞ ማንም «ይምጡ» አይለውም።

አርታኢው፦
እንግዲያው ሰው ፊት ሲቀርብ ሁልጊዜ ከሌሎች ልጆች ጋር ያድርጉት። «ኑ»፣ «ተቀመጡ» የሚለው የብዙ ቁጥር ትእዛዝ ጾታ አይለይም፤ ስም ካስፈለገም «ደስታ»ን የመሰለ፣ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ስም ይምረጡ።