የጋዝ ሲሊንደሩ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አለቀ፣ አዲሱ ደግሞ ይሸታል! (ጅማ፣ አስቸኳይ)

እመ ሁለት (ጠያቂ)፣ ከምሽቱ 2፡10
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። አጂፕ ሰፈር ነኝ። ዛሬ ከሰዓት ሲሊንደር አስለውጬ መጣሁ። ገጥሜ ስለኩሰው እሳቱ ቢጫ ነው፣ ይንቦገቦጋል። የድስቱ ቂጥ ከሰል መስሏል። ቤቱም ይሸታል። ድሮ ሁለት ወር ይቆይልኝ ነበር፣ ያለፈው ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነው ያለቀው። ሻጩ አጉድሎ ይሰጠኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ላምባ የቀላቀለበት ይመስለኛል። ነገ ረፋድ ላይ የባለቤቴ ቤተሰቦች ከአጋሮ ይመጣሉ። ዶሮው ተገነጣጥሎ ታጥቦ ተቀምጧል። መብራት ከ11 ሰዓት ጀምሮ የለም፣ ፍሪጁም ጠፍቷል። ላምባ መኖሩ በምን ይታወቃል?

የቆጪ ልጅ፣ 2፡14
ሲዘጋም ይሸታል ወይስ ሲለኮስ ብቻ?

ወፍራም ሻይ፣ 2፡15
ላምባ ከሆነማ ፋኖስ ውስጥ ጨምሪው፣ መብራትም የለም ብለሻል።

እመ ሁለት፣ 2፡19
ዘግቼዋለሁ፣ ሲዘጋም ይሸታል። እግሬ አካባቢ ይብሳል። ሲሊንደሩ ያለበትን ከሲንኩ ስር ያለውን ካቢኔት ስከፍተው አፍንጫዬን መታኝ። በሻማ ሆኜ ነው የምጽፈው። የስልኬ ባትሪ 20 ነው፣ በአጭሩ።

ጠጋኙ፣ 2፡20
ሻማ?! እህቴ ሌላውን ሁሉ ተዪው። ሻማውን አሁኑኑ አጥፊ። የምድጃውን ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለውን ዝጊ። በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺና ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። ቆጣሪው ውጪ ከሆነ ብሬከሩን ዝቅ አድርጊው። መብራት ድንገት ሲመጣ ፍሪጁ ይነሳል፣ ሲነሳ ብልጭታ አለው። ቀሪውን በረንዳ ላይ ሆነሽ ጻፊ።

ወፍራም ሻይ፣ 2፡21
ቀልዴን መልሻለሁ። ውጪ እህቴ።

የመንደራዋ፣ 2፡24
አብሽሪ እህቴ፣ ብዙ ቤት ያጋጥማል። ሽታው ሲጠፋ ሳሙና በውሃ በጥብጠሽ ጎማውንና መጋጠሚያዎቹን ቀቢያቸው። አረፋ የሚያወጣው ቦታ ነው የሚያፈሰው። በክብሪት እንዳትሞክሪ ብቻ! የአክስቴ ልጅ በክብሪት ፈትሾ ቅንድቡን አስበላ። ለሠርጉ አልደረሰለትም፣ ፎቶው ላይ በእርሳስ የተሳለ ነው።

ጋሽ መምህር፣ 2፡31
በመጀመሪያ ጥያቄው አቀራረቡ ላይ ስህተት አለ። ላምባና የሲሊንደር ጋዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። በግፊት ታምቆ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሲወጣ ጋዝ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ላምባ አንቆርቁሮ የሚቀላቅልበት ሰው የለም፣ ሊቀላቅልም አይችልም። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም። ያ የበሰበሰ ጎመን የሚመስለው ሽታ ሰው እንዲነቃ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። ስለዚህ ሸተተ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ወጣ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። "እግሬ አካባቢ ይብሳል" ያልሽው ለዚህ ነው። ከላይ ያለች ትንሽ መስኮት መክፈት አይበቃም፣ በር ነው የሚያስወጣው። ዝግ ካቢኔት ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ጋዝ ማጠራቀም ነው።

ሦስተኛ፣ እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ የሚሆነው ጋዙ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ነው። ጥቀርሻው ከዚያ ይመጣል፣ ሙቀቱም ይባክናል። በዚያ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። እሱ ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው።

ቁጠባን በተመለከተ ደግሞ፣ ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 94 አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ የሚያስቸግሩን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ማታ ዘፍዝፎ ማደር ወይም በፕሬዠር መቀቀል ብዙ ጋዝ ያተርፋል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ እንፋሎቱ ብቻ ነው የሚበዛው። ስለዚህ ዝቅ አድርጎ መክደን። ነበልባሉ ከድስቱ ቂጥ አልፎ በጎን ከወጣ የሚያሞቀው ቤቱን ነው። ድስት ጥደው ሽንኩርት መላጥ የሚጀምሩም አሉ፣ የራሴን ቤት ጨምሮ።

ወፍራም ሻይ፣ 2፡33
ጋሼ፣ ባትሪዋ 20 ነው ብላለች እኮ።

የጅሬን ሰው፣ 2፡38
እኔ የማይገባኝ ሲሊንደር ምን አስፈለገ? እናቶቻችን በከሰል ሠርተው አሳድገውናል። ዶሮ ወጥማ ቁሌቱ በከሰል ካልሆነ አይጥምም። ከዘመናዊነት የተረፈን ፍርሃት ነው።

የመንደራዋ፣ 2፡43
ከሰል ውጪ ከሆነ እሺ። አምና ክረምት ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ስትጨርስ ዝናቡ በርዷት የተረፈውን ፍም መኝታ ቤት አስገብታ በር ዘጋች። ጠዋት በር ሰብረን ነው ያወጣናት። ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ጋሼ ያሉት ሽታ የሌለው ነገር ከከሰልም ይወጣል፣ እንዲያውም ይብሳል። ወንድሜ፣ ነገሩ የከሰልና የጋዝ ጉዳይ አይደለም፣ የተዘጋ ቤት ጉዳይ ነው።

እመ ሁለት፣ 2፡52
ወጥተናል። ልጆቹ ጎረቤት ገብተዋል። እኔ በረንዳ ላይ ነኝ፣ ዝናቡ እያካፋ ነው። ሽታው እየቀነሰ ነው። ግን ሻጩን አልለቀውም። ሦስት ሳምንት!

ቡና ሚዛን፣ 2፡58
እህት፣ ሻጩ ላይ ከመፍረድሽ በፊት አንድ ነገር። እኔ አስለውጬ ስመጣ በቀጥታ የቡና ሚዛኔ ላይ ነው የማወጣው። የባዶው ክብደት ሲሊንደሩ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ባዶው 14 ኪሎ የሚል ከሆነና የሚይዘው ጋዝ 12 ተኩል ከሆነ፣ ሙሉው 26 ተኩል መምጣት አለበት። በጅማ ሚዛን ያለው ጎረቤት አይጠፋም። ልክ ከሆነ ሰውየው ንጹሕ ነው። አሁን አፍንጫሽን የመታሽ እኮ የከፈልሽበት ጋዝ ነው። የድሮውም ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሲተን ከርሞ ይሆናል።

እመ ሁለት፣ 3፡02
የድሮው ግን እንዲህ አይሸትም ነበር። ካቢኔቱ ሲከፈት ትንሽ ትንሽ ይል ነበር፣ እኔ የሲንኩ ቱቦ ነው ብዬ በረኪና አፈስበት ነበር።

የቆጪ ልጅ፣ 3፡04
በሳሙና ውሃ ፈትሺው።

አዲስ ገቢ፣ 3፡06
ሳሙና ያለ ሰው አላየሁም። ሳሙና በጥብጣችሁ ጎማው ላይ ብትቀቡት አረፋ ይሰራል።

ወፍራም ሻይ፣ 3፡07
ከዚህ በኋላ ሳሙና የሚል ሳሙናውን ይዞ አጂፕ ይምጣ።

ጠጋኙ፣ 3፡10
ዛሬ ማታ ምድጃውን አትንኪው። ዶሮውን አሁኑኑ በጎረቤት ምድጃ ሥሪው፣ ፍሪጅ በሌለበት አይደርም። ጠዋት በብርሃን፣ ቤቱ ምንም በማይሸትበት ሰዓት፣ የምድጃውን ቁልፎች በሙሉ ዘግተሽ የሲሊንደሩን ብቻ ለአፍታ ክፈቺና ሳሙናውን ቀቢ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጎማው ስንት ዓመቱ ነው? ምድጃውን በቅርቡ አጥበሽዋል?

እመ ሁለት፣ 3፡13
ቅዳሜ ሲሊንደሩ ያለቀ ዕለት አጥቤዋለሁ። ሽሮ ገንፍሎበት ስለነበር ራሶቹን አውልቄ ዘፈዘፍኳቸው። እሱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ጠጋኙ፣ 3፡17
እሱን ነበር መጀመሪያ መናገር! ቢጫው ከአዲሱ ጋዝ የመጣ የመሰለሽ ሁለቱ ነገር ስለተገጣጠመ ነው። ራሶቹ ውሃ ይዘው ይሆናል፣ ወይም ክዳናቸው ጎርበጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ወይም ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሽሮ ደለል ቀርቷል። ደርቀው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ተጠርገው፣ ልክ በቦታቸው ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ ሰማያዊው ይመለሳል። ከስር ጋዙ የሚወጣባት ደቃቅ ቀዳዳ አለች፣ እሷን በመርፌ እንዳትጎረጉሪያት። ከሰፋች ጋዙ ይበዛል፣ ከዚያ በኋላ እሳቱ አይስተካከልም። ቀዝቃዛ ምድጃ ላይ ብቻ ነው ይሄ ሁሉ የሚሠራው።

የጅሬን ሰው፣ 3፡20
አየሽ፣ ከሰል ምድጃ ራስ የለው፣ ጎማ የለው።

እመ ሁለት፣ በማግስቱ ጠዋት 1፡25
ሳሙናው ፈላ! ጎማው ሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ ራስ ላይ የሚገጠመው) ላይ የሚገባበት ጫፍ ላይ ነው። ወዲያው ዘጋሁት። ጫፉን ስጠመዝዘው እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ባለቤቴ በክላምፕ (በብረት ማጥበቂያ ቀለበት) ፋንታ በሽቦ ነበር ያሰረው፣ ሽቦው በልቶታል። ዕድሜውን ለጠየቅከኝ፣ ከሠርጌ ዕቃ ጋር የመጣ ነው፣ ትልቋ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ዶሮውን ማታውኑ በረንዳ ላይ በጎረቤቴ ላቀች የከሰል ምድጃ ሠራሁት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ያወጣሁት፣ ጭሱ ጸጉሬ ውስጥ አለ። ራሶቹን ገና አላየኋቸውም።

ጠጋኙ፣ 1፡40
ጎበዝ። ጎማውን ጫፉን ቆርጠሽ መልሰሽ እንዳትሰኪው፣ ሙሉውን ቀይሪ። የጋዝ ጎማ ብለሽ ግዢ፣ የውሃ ጎማ ቢገጥምም ጋዙ ይበላዋል። ላዩ ላይ የተሠራበት ዓመት ይጻፍበታል፣ እሱን አንብቢ። ሁለቱም ጫፍ ክላምፕ ይግባበት። ሬጉሌተሩ የሚቀመጥበት ላይ ጎሚኒ የምንላት ትንሽ የጎማ ቀለበት አለች፣ መኖሯንም እይ። ሲሊንደሩን ከካቢኔት አውጪው፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከእሳቱ ራቅ ይበል። ገጥመሽ ስትጨርሺ ሳሙናውን ድገሚው። ማታ ማታም የምድጃው ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩ ራስ ይዘጋ።

ጋሽ መምህር፣ 2፡05
ከሽታው ተነስቼ ስለ በረኪና አንድ ነገር ልጨምር። ሽታን በሌላ ሽታ መሸፈን...

ወፍራም ሻይ፣ 2፡06
ጋሼ በእግዜር፣ እንግዶቿ መንገድ ላይ ናቸው።

ጠጋኙ፣ በሦስተኛው ቀን
እህቴ፣ ቢጫው ምን ሆነ?

የመንደራዋ፣ በአምስተኛው ቀን
ደህና ናችሁ ወይ? ድምፅሽ ጠፋ።

ቡና ሚዛን፣ በአምስተኛው ቀን
እኔ ደግሞ ሻጩን ነው የምጠብቀው። መዘንሽው?