ክሬዲት ስኮሬ እንዴት እንደተሰላ የማየት መብት አለኝ?

ሰብለ (ጠያቂ)፦ አሜሪካ የምትኖሩ፣ እስቲ እርዱኝ። የመኪና ብድር አመልክቼ ባንኩ ከለከለኝ። የላኩልኝ ደብዳቤ ክሬዲት ስኮሬ (ብድር የመመለስ ታማኝነቴን የሚለካው ቁጥር) 648 ነው ይላል። ስልኬ ላይ ያለው ነፃ አፕ ግን 701 ነው የሚለኝ። ለመከልከሌ መጀመሪያ ላይ የጻፉት ምክንያት «ከሊሚቱ (ካርዱ ከሚፈቅደው የዕዳ ጣሪያ) አንጻር የካርድ ዕዳ በዝቷል» የሚል ነው። እኔ እኮ በየወሩ ሙሉውን ነው የምከፍለው! ወለድ የሚባል ከፍዬ አላውቅም። ባንኩ ጋ ደውዬ «አሰላሉን አሳዩኝ» ስል፣ «የሚያሰላው ሌላ ድርጅት ነው» አሉኝ። የማሳየት ግዴታ የለባቸውም?

ቁጥር ወዳዱ፦ ሰብልዬ፣ ቀመሩን ማንም አያሳይሽም። ፋይኮ፣ ማለትም በስሙ የሚጠራውን ስኮር ያወጣው ድርጅት፣ የንግድ ምስጢሬ ነው ብሎ ይዞታል፣ ሕጉም አውጣ አይለውም። ተመዛኞቹን ግን ራሱ ፋይኮ ይናገራል። በሰዓቱ መክፈል 35 በመቶ፣ ያለብሽ ዕዳ 30፣ የክሬዲትሽ ዕድሜ 15፣ በቅርብ የወሰድሽው ወይም ያመለከትሽው ብድር 10፣ የብድሮችሽ ዓይነት 10። ይሄ ለአብዛኛው ሰው ነው፤ ክሬዲት ከጀመረ ብዙ ያልቆየ ሰው ላይ ክብደቱ ሊለያይ ይችላል።

ስለ ሁለቱ ቁጥሮች፦ አፑ ላይ ከስር በደቃቁ የተጻፈውን አንብቢ። ብዙዎቹ ነፃ አፖች የሚያሳዩት ቫንቴጅስኮርን ነው። እሱን ደግሞ ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች (የሰውን የብድር ታሪክ የሚመዘግቡት ድርጅቶች) ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን በ2006 በጋራ ያወጡት ነው። ፋይኮ አይደለም። ሁለቱም ከ300 እስከ 850 ስለሚሄዱ ሰው አንድ ይመስሉታል።

አዳነ፦ ትንሽ ላርም። የመኪና አበዳሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ለመኪና ብድር የተሠራውን ፋይኮ ነው፤ እሱ ከ250 እስከ 900 ነው የሚሄደው። ደብዳቤው ላይ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል መጻፍ አለበት፣ እዩት።

ደግሞ ደብዳቤውን እንዳትጥዪው። በስኮር ተመሥርተው ከከለከሉሽ ስኮሩን፣ የወጣበትን ቀን፣ ስኮሩን የሰጠውን ድርጅትና እስከ አራት የሚደርሱ ዋና ምክንያቶችን መንገር ግዴታቸው ነው። ምክንያቶቹ የሚጻፉት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው። ደብዳቤው ላይ ከተጠቀሰው ቢሮ በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርትሽን (የብድር ታሪክሽን ዝርዝር) በነፃ መጠየቅ ትችያለሽ። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እስከ 2000 አካባቢ ተራው ሰው ቁጥሩን እንኳ አያይም ነበር። ካሊፎርኒያ መጀመሪያ ሕግ አወጣች፣ የፌዴራሉ በ2003 ተከተለ።

እማዋይሽ፦ ሁላችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። እህቴ፣ የካርድሽ ሊሚት ስንት ነው? ስቴትመንቱ (የወሩ ሒሳብ መግለጫ) ሲዘጋ ስንት ይላል?

ሰብለ፦ ሊሚቱ 2,000 ዶላር ነው። ስቴትመንቱ 1,800 አካባቢ ይላል። ግሮሰሪውንም ኢንሹራንሱንም በሱ ነው የምከፍለው፣ ካርዱ ለሚሰጠው የሽልማት ነጥብ ብዬ። ከዚያ ቀኑ ሳይደርስ ሙሉውን እከፍላለሁ።

እማዋይሽ፦ በቃ፣ ተገኘ። ካርድ ሰጪዎች ለቢሮዎቹ የሚልኩት በአብዛኛው ስቴትመንቱ የተዘጋበትን ቀን ባላንስ (ያለብሽን ዕዳ) ነው። አንቺ የምትከፍዪው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ሁሌ ከሊሚትሽ 90 በመቶውን የጨረስሽ ሆነሽ ነው የምትታዪው። ወለድ አለመክፈልሽ ሪፖርቱ ላይ አይታይም። ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ አብዛኛውን ክፈዪ፣ 100 ወይም 150 ዶላር ብቻ ይቅር። አዲሱ ባላንስ ሪፖርት ከተደረገ በኋላ እንደገና አመልክቺ። ብዙዎቹ ስኮሮች የሚያዩት አሁን ያለውን ባላንስ ስለሆነ ይሄኛው ቶሎ ይስተካከላል። የዘገየ ክፍያ ቢሆን ኖሮ 7 ዓመት ይከተልሽ ነበር።

ሰብለ፦ ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! የባንኩ ሰውዬ ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ናቲ፦ ጣልቃ ልግባና፣ ሪፖርት ማየት ስኮር አያወርድም እንዴ? እኔ ፈርቼ ከፍቼው አላውቅም።

አዳነ፦ አያወርድም ወንድሜ። የራስህን ስታይ አይቆጠርም። የሚቆጠረው አበዳሪ ለብድር ማመልከቻ ብሎ ሲያይ ነው። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ከሦስቱም ቢሮ በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። ሪፖርቱን እንጂ ስኮሩን አይሰጥህም፣ ግን ስኮሩ የሚሰላው ከሱ ነው። የማታውቀው አካውንት ካየህ ለቢሮው ዲስፒዩት (ስህተት ነው የሚል አቤቱታ) አስገባ፣ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው። ስክሪንሹቱን ያዝ።