የፍሪጅ ካፒላሪ፦ 0.66 ሲጠፋ 0.71 ወይስ 0.79?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ ባለሙያዎች። ባለ አንድ በር ፍሪጅ ነው፤ ጋዙ አር134ኤ፣ ታርጋው 110 ግራም ይላል። ሞተሩ ሲሠራ የመመለሻው መስመር ግፊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠፍቶ 20 ደቂቃ ቢቆይም ሁለቱ ጎኖች አይመጣጠኑም። ኮንደንሰሩ (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ) ከላይ ለብ፣ ከታች ቀዝቃዛ ነው። ካፒላሪውን (ፈሳሹን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሳልፈውን ቀጭን ቱቦ) ከፊልተሩ (ከማጣሪያው) ቆርጬ ናይትሮጅን ብሰድበት በሌላው ጫፍ ምንም አይወጣም። የውስጥ ስፋቱ 0.66 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 2.5 ሜትር ነው። ሱቅ ያለው 0.71 እና 0.79 ብቻ። በዚያው በ2.5 ሜትር ብገጥመውስ? ሌላም አለኝ፦ ቫኪዩም ስስብ (በፓምፕ አየሩን ሳወጣ) የጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ ቀስት ሁልጊዜ 22 ኢንች (ሜርኩሪ) ላይ ይቆማል። ፓምፑ ደክሞ ይሆን?

መልስ 1 (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ በዚያው ርዝመት እንዳትገጥመው። ካፒላሪ ላይ ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱ ነው የሚወስነው። አዲሱን ስፋት ለአሮጌው አካፍል፣ ውጤቱን ወደ 4.6 ኃይል አንሣ፣ ከዚያ በአሮጌው ርዝመት አባዛው። ለ0.71 ወደ 1.4 እጥፍ ይመጣል፤ ማለትም 3.5 ሜትር። ለ0.79 ወደ 2.3 እጥፍ ነው፤ 5.7 ሜትር ይሆናል። ከ1.5 ሜትር ያጠረ ወይም ከ5 ሜትር የረዘመ ስለማይመከር 0.71ን ውሰድ።

0.71ን በ2.5 ሜትር ብትገጥመው ፈሳሹ ኢቫፖሬተሩ (ፍሪጁን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ውስጥ ተንኖ ሳያልቅ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የመመለሻው ቱቦ እስከ ሞተሩ ድረስ በረዶ ይለብሳል፤ ውሎ አድሮ የሞተሩን ቫልቭ ይሰብረዋል። ከሚገባው በላይ ሲረዝም ደግሞ ኢቫፖሬተሩ መግቢያው ላይ ብቻ በረዶ ይሠራል፣ ሌላው ደረቅ ይቀራል። የሱቁን ቃል ብቻ አትመን፤ ስፋቱን በመለኪያ ሽቦ ራስህ ለካ።

መልስ 2 (ቡሬ)

ስሌቱ ልክ ነው። ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን አቆራረጡና ብየዳው ላይ ነው። ካፒላሪን በቱቦ መቁረጫ አትቁረጥ፣ አፉን ያጠበዋል። በሞረድ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርግና ወዲያ ወዲህ አወዛውዘህ ስበረው፤ ከዚያ አፉ ክብ መሆኑን አይተህ ናይትሮጅን ንፋበት።

ፊልተሩን የግድ ቀይር፤ አንዴ የተከፈተ ሲስተም በአሮጌ ፊልተር አይዘጋም። ካፒላሪው ፊልተሩ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ይግባ። ወንፊቱን ከነካ ይታፈናል፤ በጣም ካጠረ ደግሞ የብየዳው ቅላጭ አፉን ይዘጋዋል። ልኩ ላይ በጣትህ ትንሽ ብታጎብጠው ከዚያ አልፎ አይገባም። የፊልተሩ መውጫ ወደ ታች ያዘንብል፣ ካፒላሪው ፈሳሽ ብቻ እንዲያገኝ። የተረፈውን ርዝመት እንዳይታጠፍ በሰፊው ጠቅልለው።

ጠያቂ

አሮጌው ካፒላሪ ከመመለሻው ቱቦ ጋር ግድግዳው ፎም ውስጥ ገብቷል። በውጭ ብቻውን ባሳልፈውስ?

መልስ 2 (ቡሬ)

በውጭ ማሳለፉ ይቻላል፤ ብቻውን ግን አይሆንም። ካፒላሪው ከመመለሻው ቱቦ ጋር የሚጣበቀው ትኩሱ ፈሳሽ እንዲቀዘቅዝ፣ ተመላሹም ጋዝ እንዲሞቅ ነው። ያ ከቀረ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ የመመለሻው ቱቦም ያልበዋል። ቢያንስ አንድ ሜትር ያህሉን ከቱቦው ጋር አስተካክለህ አስጠጋ፣ በአሉሚኒየም ፕላስተር ጠበቅ አድርገህ ጠቅልል፣ በላዩ የስፖንጅ መሸፈኛ አልብሰው።

መልስ 3 (ፍኖተ ሰላም)

ስለ ጌጁ፦ ፓምፕህን አትጣለው። ጌጅ የሚያነበው ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር እያነጻጸረ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 75 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ወለል 101 ነው። ስለዚህ ፍጹም ቫኪዩም ቢሆን እንኳ ቀስቱ ከ22 ኢንች አያልፍም። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ 24 አካባቢ ይቆማል። እርግጠኛ ለመሆን የማይክሮን መለኪያ (ውስጥ የቀረውን ግፊት በቀጥታ የሚለካ) አስገባ፤ እሱ ከፍታ አያታልለውም። 500 ማይክሮን ደርሶ ፓምፑ ሲዘጋም እዚያው ከቆየ ደርቋል።

ጋዝ ስትሞላም ይኸው ነገር ይመጣል። ቀስቱ ዜሮ ሲያነብ አር134ኤ በባሕር ወለል የሚፈላው በ26 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፤ እናንተ ጋ ወደ 32 ከዜሮ በታች ይወርዳል። በባሕር ወለል የተጻፈን የፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ቁጥር እንዳለ ብትከተል ጋዙ ያንሳል። ወደ 4 ፒኤስአይ ጨምርበት። ከሁሉ የሚሻለው ግን 110 ግራሙን በሚዛን መሙላት ነው፤ የተጨመረው አንድ ሜትር ካፒላሪ የሚይዘው ከግማሽ ሚሊሊትር በታች ስለሆነ ልኩን አይቀይረውም።

በነገራችን ላይ የመመለሻው ግፊት ከዜሮ በታች ሲወርድ ‘ካፒላሪው ተዘግቷል’ የማለቱን ዘዴ አር600ኤ ወደሚባለው ሌላ የፍሪጅ ጋዝ አትውሰደው። በዚያ ጋዝ ፍሪጁ ጤነኛ ሆኖም የመመለሻው ግፊት ከዜሮ በታች ነው። ደግሞ ተቀጣጣይ ስለሆነ ጋዙ ያለበትን ቱቦ በእሳት እንዳትነካ።

መልስ 1 (ባሕር ዳር)

አንድ ልጨምር። ሞልተህ ካስነሣኸው በኋላ ከቀዘቀዘ ወዲያ ማቀዝቀዙን በድንገት ካቆመ፣ ካፒላሪው ኢቫፖሬተሩ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በሞቀ ጨርቅ ያዘው። የሚፈሰው ጋዝ ሹክሹክታ ተመልሶ ከተሰማ የዘጋው በረዶ የሆነ እርጥበት ነው፣ ቆሻሻ አይደለም። ያኔ ጋዙን አውጥተህ፣ ፊልተሩን ዳግም ቀይረህ፣ ቫኪዩሙን ረዘም አድርገህ ትስባለህ። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ አድርግለት። ካፒላሪ ግፊቱን የሚያመጣጥነው ቀስ እያለ ነው፤ ሞተሩ ያንን ሳይጠብቅ ልነሣ ካለ ኦቨርሎዱ (የሞተሩ መከላከያ) ይቆርጠዋል፣ ሲደጋገም የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ ይቃጠላል።