ለጊታሬ ፒካፕ ልቀይር ነው፤ ምን ላስመጣ?

የሂርማታው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አጂፕ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር እጫወታለሁ፤ ሰርግ ሲኖርም እንሄዳለን። ጊታሬ የፌንደር ስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታር ቅጂ ነው፤ ሦስት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒካፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ይዞ ወደ አምፑ የሚልክ ማግኔት፣ አለው። አዲስ አበባ ነው ያገለገለ የገዛሁት። አንገቱን በጣም እወደዋለሁ፤ እጄ ለምዶታል። ችግሩ ድምፁ ላይ ነው።

ሁለት ነገር ያስቸግረኛል። አንዱ ጩኸቱ ነው። አምፑን ገና ስከፍት ዝዝዝ ማለት ይጀምራል። ዲስቶርሽን ስረግጥማ ከዘፋኙ በላይ ይሰማል። ትዝታ ስንጫወት መግቢያው የኔ ብቻ ነው። ሰዉ ጸጥ ይላል። አንዷን ኖታ ይዤ እቆያለሁ፤ እየከሰመች ስትሄድ ከሥሯ ያ ጩኸት ብቅ ይላል። እዚያች ቦታ ላይ ሆዴ ይቃጠላል። ሁለተኛው ደግሞ ድምፅ ስጨምር የብሪጁ (ክሩ ታች የሚያርፍበት ብረት) አጠገብ ያለው ፒካፕ ያፏጫል፤ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ነው።

የአክስቴ ልጅ ለእንቁጣጣሽ ከአሜሪካ ትመጣለች። ምን ላምጣልህ አለችኝ፤ ፒካፕ አልኳት። ከመጣ በኋላ አልሆነኝም ብዬ የምመልስበት መንገድ ስለሌለኝ ምርጫው አንዴ ነው። ጓደኛዬ "ኃይለኛ ሃምበከር አስመጣና ተገላገል" ይለኛል። እኔ ግን ያ ጥርት ያለው ድምፅ እንዳይጠፋብኝ እፈራለሁ። አባቴ ክራር ይመታ ነበር፤ ጆሮዬ የተገራው በዚያ ነው። እስቲ ምከሩኝ።

ሬዲዮ ጠጋኙ፦

ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለይ። አንድ ዓይነት ጩኸት ብቻ አይደለም ያለው።

አምፑን ክፈትና እጅህን ከክሩ ላይ አንሳ። ከዚያ መልሰህ ክሩን ንካ። ስትነካው ዝዝዝታው ከቀነሰ ሽቦው ደህና ነው። ክሩን ስትነካ ምንም ካልተለወጠ፣ የጃኩን (ገመዱ የሚሰካበትን) ብረት ስትነካ ግን ከቀነሰ፣ ከብሪጁ የሚመጣው፣ ክሩን ከጃኩ ብረት ጋር የሚያገናኘው የግራውንድ ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው። እሱን አዲስ ፒካፕ አይፈታውም።

ቀጥሎ ጊታሩን እንደያዝክ አምፑ ፊት ቆመህ ቀስ እያልክ ዙር። ወደ አንድ በኩል ስትዞር የሚጎላ፣ ወደ ሌላው ስትዞር የሚጠፋ ወፍራም እምምም ካለ ከትራንስፎርመር የሚመጣ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚያ ነው የሚነሳው። ይህን ፎይል ብትለብጠውም አያቆምልህም፤ የፒካፑ አሠራር ራሱ ነው መለወጥ ያለበት።

ለፉጨቱ ደግሞ በጥፍርህ የፒካፑን ሽፋን መታ መታ አድርገው። በአምፑ ጠቅ ጠቅ እያለ በደንብ ከተሰማ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ላልቷል፤ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው የቀለጠ ሰም ይፈልጋል።

አንድ ነገር አደራ። ክሩን ወይም ማይኩን ስትነካ የሚነዝርህ ከሆነ ወዲያው አቁም። ያ የፒካፕ ጉዳይ አይደለም። ሰርግ ቤት በጄኔሬተር ስትሠሩ ግራውንድ የሌለው ማከፋፈያ ላይ አትሰኩ። ሰው ይገድላል።

ሊድ ጊታር ከአዲስ አበባ፦

ጓደኛህ ግማሹን ልክ ነው። ሃምበከር ጩኸት ያጠፋል። ሴት ላቨር (Seth Lover) የሚባል የጊብሰን መሐንዲስ በ1955 እ.ኤ.አ. የሠራው ለዚሁ ነው። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አለው፤ አንዱ በተቃራኒ ይጠመጠማል፣ ማግኔቱም ይገለበጣል። ከመብራት የሚመጣው ጩኸት እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል።

"ኃይለኛ" የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ኃይለኛ ማለት በአብዛኛው ብዙ ዙር የተጠመጠመ ማለት ነው። ዙሩ ሲበዛ ላይኛው ጥርት ያለው ድምፅ እየደፈነ ይሄዳል። የሽቦውን ሬዚስታንስ በቴስተር ብትለካው የድሮ ዓይነት የስትራት ፒካፕ 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። ለሮክ የተሠሩት ሃምበከሮች 14 እና 16 ድረስ ይሄዳሉ። እኔ አንድ ጊዜ እንደዚያ ያለ ብሪጁ ላይ አስገብቼ ነበር። ሮክ ላይ ግሩም ነው። አንቺሆዬ ስጫወት ግን ኖታዎቹ ተጣበቁብኝ፤ ያቺ መሃል ላይ የምትሰብራት ትንሽ ነገር አትሰማም። በሁለት ወሩ አወጣሁት።

ለአንተ የሚሆንህ በሲንግል ኮይል መጠን የተሠራ፣ ሁለቱ ጥቅሎች አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡበት ነው። ዲማርዚዮም ሴይሙር ዳንካንም ፌንደርም ይሠራሉ። እንጨት ሳትቦረቡር ይገባል፤ 250 ኪሎ ኦም የሆነው የቮልዩም መቆጣጠሪያህም ይበቃዋል። አልኒኮ 5 ማግኔት ያለውን፣ ዙሩ መጠነኛ የሆነውን አስመጣ። ሦስቱንም ከአንድ ሠሪ፣ አብረው እንዲሠሩ ተደርገው በአንድ ላይ የሚሸጡትን ግዛ። ከተለያየ ቦታ ከቀላቀልክ ሁለቱን አብረህ ስትከፍት ድምፁ ሊቀጥን ይችላል። የሽቦ ቀለማቸውም ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ ወረቀቱን እንዳትጥለው በላት።

የሂርማታው ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ያላችሁትን ሁሉ ሞከርኩ።

ክሩን ስነካ ምንም ለውጥ የለም። የጃኩን ብረት ስነካ ግን ጸጥ! ካቻቢቴ አምጥቼ የኋላውን ክዳን ፈታሁት። ስፕሪንጎቹ የተያዙበት ብረት ላይ ጥቁር ሽቦ መበየድ ነበረበት፤ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ነው፤ ጊታሩንም የማስቀምጠው መስኮት ሥር ነበር። አሁን ቦታውን ቀየርኩ። ጎረቤቴ ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ብረቱን በአሸዋ ወረቀት አጽድቶ በየደልኝ። ዝዝዝ የሚለው በጣም ቀነሰ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሽቦ ስሰቃይ ነበር ማለት ነው።

እምምም የሚለው ግን አለ። ወደ አምፑ ስዞር ይጎላል፣ ጎኔን ስሰጠው ይጠፋል። ስለዚህ የሚደራረበውን ዓይነት፣ ሦስቱንም በአንድ ላይ እንድትገዛ ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት። ፉጨቱም ጋሼ እንዳሉት ነው፤ በጥፍሬ ስነካው እንደ በር ነው የሚንኳኳው። አዲሱ እስኪመጣ ሰም ላጠጣው ብዬ ነበር። ሰም እዚህ ሞልቷል። እንዴት ላድርግ?

ሬዲዮ ጠጋኙ፦

ደስ አለኝ ልጄ። ሰሙን ብቻውን አትጠቀም፤ ያጣብቃል። አብዛኛውን ተራ ነጭ ሻማ አድርግ፣ የንብ ሰሙን ትንሽ ጨምርበት። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣደው፣ ይቀጣጠላል። ድስት ውስጥ ውኃ አሙቅ፤ ሰሙን በጣሳ አድርገህ እዚያ ውስጥ አስቀምጥ። 65 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ሽፋኑን አውጥተህ ፒካፑን በሽቦው አንጠልጥለህ ንከረው። ትንንሽ አረፋ ይወጣል። አረፋው ሲያቆም አውጣውና ጥረገው።

የሂርማታው ልጅ፦

አደረግኩት። እናቴ ቡና እያፈላች፣ እኔ በአጠገቧ ሻማ እያቀለጥኩ። አረፋው እንደ መርፌ ጫፍ እየቀጠነ ይወጣ ነበር፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ቅዳሜ ማታ ያለ ፉጨት ጨረስኩ። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። አዲሱ ሲመጣ ከክሩ ምን ያህል ላርቀው?

ሊድ ጊታር ከአዲስ አበባ፦

ክሩን መጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ያለው ቀጭን ብረት) ላይ ተጫንና ከክሩ እስከ ፒካፑ ለካ። በወፍራሙ ክር በኩል 2.4 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጀምር። ከዚያ በጆሮህ አስተካክል። የአንገቱን ፒካፕ በጣም አታስጠጋው። ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ የያዝካት ኖታ ትወላገዳለች። ትዝታ ላይ ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። ሲገባልህ ቅዳና እዚህ ለጥፈው፣ መስማት እፈልጋለሁ።